ሽጉጥህ ባልጩቱን ከጣለ ቆይቷል

ጥያቄው የመጣው ቨርጂኒያ ከሚኖር ወንድማችን ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ሰላም ጋሼ። ባለፈው ዓመት ጎረቤታችን ቤቱን ሲያጸዳ ግቢው ውስጥ የማይፈልገውን ዕቃ ይሸጥ ነበር። ከዚያ ውስጥ በአፈሙዙ የሚጎርስ አሮጌ ሽጉጥ ገዛሁ። የሚተኮሰው በካፕ፣ ማለትም ሲመታ በምትፈነዳ ትንሽ የመዳብ ቆብ ነው። ካፕ ደግሞ አንዴ ይገኛል፣ አንዴ ይጠፋል። እኔ ደግሞ ከድሮም በባልጩት የሚተኮሰውን ነው የምወደው። መዶሻውን ፈትቼ ባልጩት በሚነክስ መዶሻ ብቀይረው ይበቃል? ፎቶዎቹንና በጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ልኬልዎታለሁ።»

አይበቃም። አጭሩ መልስ ይኸው ነው። ረጅሙ መልስ ግን ከጠየቅከው በላይ ደስ ይላል፤ ፎቶዎችህን ሳይ ቡናዬን አስቀምጬ መነጽሬን ፍለጋ ሄድኩ። ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ።

ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አረጋግጠሃል?

«እንዴ ጋሼ፣ ይሄን ያህል ዘመን የኖረ ዕቃ!» እንዳትለኝ። ጥቁር ባሩድ እርጥበት ካልነካው አይሞትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረ ሽጉጥ አመጣልኝ። ልጆቹ እያወረዱ ሌባና ፖሊስ ሲጫወቱበት ነው ያደጉት። እንደ ልማዴ ቀጭን የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ አስገባሁ። ሄዶ ሄዶ ቆመ። አፉ ጋ በእርሳስ ምልክት አደረግኩና አወጣሁት። ከዚያ ምልክቱን ከአፈሙዙ ጠርዝ ጋር አስተካክዬ ዘንጉን ከውጭ በኩል ቱቦው ላይ አጋደምኩት። የዘንጉ ጫፍ ኋላ ካለው የእሳት ቀዳዳ ሊደርስ ሁለት ጣት ያህል ቀረው። ሁለት ጣት ማለት በዚያ ሽጉጥ አንድ ጥይትና ከጀርባው ያለ ባሩድ ማለት ነው።

ካፕ የሚደፋበትን የኋላውን ጡት (ኒፕሉን) ፈታን፣ ሽጉጡን ውኃ አጠጣነው፣ አሳደርነው። በማግስቱ ድቡልቡሉን እርሳስ በመጎተቻ ብሎን ስበን ስናወጣው ከኋላው ጥቁር ጭቃ ተከትሎ ወረደ። ደንበኛዬ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

አንተም ዛሬውኑ በዘንግ ለካው። ዘንጉ ጥግ ድረስ ከደረሰ እሰየው። ካልደረሰ አትነካካው። ትራፓኖም፣ ሙቀትም፣ መዶሻም አታስጠጋው፤ አፈሙዙን ከሰው አዙረህ አስቀምጥና ለጠመንጃ ጠጋኝ ስልክ ደውል።

አሁን ወደ ጉዳያችን። መዶሻ መቀየር ለምን እንደማይበቃ እንዲገባህ ሁለቱ ዓይነቶች እንዴት እንደሚሠሩ ልንገርህ።

ያንተ ሽጉጥ አሁን ባለበት ሁኔታ ኋላው ላይ አጭር ቀዳዳ ጡት አለው። እኛ ኒፕል እንለዋለን፤ ከቧንቧ ሠራተኞቹ ኒፕል ጋር አታምታታው። በላዩ ላይ ከበቆሎ ፍሬ የምታንስ የመዳብ ቆብ ትደፋለህ። ካፕ የምትባለው እሷ ናት። ውስጧ ሲመታ የሚፈነዳ ቅመም ተቀብቷል። ምላጩን ስትስብ መዶሻው ይወርዳል፣ ካፗ ትፈነዳለች፣ እሳቱ በኒፕሉ ቀዳዳ ተወርውሮ ዋናውን ባሩድ ያቀጣጥላል። መዶሻው ከመውደቅ በቀር ሥራ የለውም።

ባለ ባልጩቱ ግን ክብሪት እንደመጫር ነው። መዶሻው መንጋጋ አለው፤ ቁራጭ ባልጩት በቆዳ ተጠቅልሎ እዚያ ይታሰራል። ከፊቱ በማጠፊያ የቆመ ጠንካራ የአረብ ብረት አለ፤ ሌላ ስም ስለሌለኝ መጫሪያ ልበለው። ከመጫሪያው ሥር ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን አለች፤ ውስጧ የደቀቀ ባሩድ ይጨመራል። ሳህኗ አጠገብ ደግሞ የቱቦውን ጎን በስቶ የሚገባ ቀጭን ቀዳዳ አለ። ምላጩን ስትስብ ባልጩቱ መጫሪያውን ፍቆት ይወርዳል። መጫሪያው ወደፊት ይገለበጣል፣ ሳህኗ ትከፈታለች፣ ብልጭታው ይዘንብባታል። በሳህኗ ላይ ያለው ባሩድ ቦግ ይልና በጎን ቀዳዳው በኩል ዋናውን ይለኩሳል።

ብዙ ሰው ብልጭታው ከድንጋዩ የሚወጣ ይመስለዋል። አይደለም። ድንጋዩ ቢላዋ ነው። የሚነደው ባልጩቱ ከብረቱ ላይ የላጣት ፍቅፋቂ ናት። በመበየጃ ቤት ብረት ሲፈጩ የሚረጨውን እሳት አስበው፤ ያው ነው።

እንግዲህ ቁጠር። ባልጩት የሚነክስ መዶሻ፣ መጫሪያ፣ የመጫሪያው የራሱ ሞላ፣ ሳህን፣ የጎን ቀዳዳ። ይህም አልበቃም። ካፕ ለማፈንዳት አጭር ምት ይበቃል፤ ባልጩት ግን ብረት ለመላጥ ረዘም ያለ ጉዞና ጉልበት ያለው ዋና ሞላ ይፈልጋል። አንተ ልትቀይር ያሰብከው ከነዚህ ሁሉ አንዱን ነው። የቀሩት ከሌሉ ባልጩቱ አየር ቆርጦ ይወርዳል እንጂ የሚጭረው ነገር አያገኝም።

ከሁሉም ከባዱ ደግሞ ቀዳዳው ነው። ሰው ሁሉ የሚታየው መዶሻው ስለሆነ ስለ መዶሻው ይጠይቀኛል። የእኔ ራስ ምታት ግን ሁልጊዜ ቀዳዳው ነው። ለካፕ የተሠራ ቱቦ እሳት የሚያስገባው በኒፕሉ በኩል ነው። ባልጩት ደግሞ ከሳህኗ ከንፈር ጋር በተካከለ ቁመት፣ ከኋላው መዝጊያ ብሎን ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አዲስ ቀዳዳ ይፈልጋል። አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ዝቅ ካለ ባሩዱ ይሸፍነውና እንደ ክር እየተንቀረፈፈ ይነዳል። ከፍ ካለ ብልጭታው አያገኘውም። ወደ ኋላ ካፈገፈገ መዝጊያ ብሎኑን ትበሳለህ።

ወደ ፎቶዎችህ ልምጣ።

በጎኑ ብረት ላይ ያነበብክልኝ እንዲህ ይላል፦ «ዩ ኤስ፣ አር ጆንሰን፣ ሚድን ኮን፣ 1838»። ይህ የፋብሪካ ጌጥ አይደለም። ሮበርት ጆንሰን በኮነቲከት ግዛት ሚድልታውን ከተማ ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት በኮንትራት ሽጉጥ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ሽጉጡ የ1836 ሞዴል ይባላል (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። ቱቦው 8 ኢንች ተኩል፣ ውስጡ ያለ ጥርስ ለስላሳ፣ አፉ 0.54 ኢንች። በፎቶህ ከቱቦው ሥር ያለው የጥይት መጠቅጠቂያ ዘንግ በማጠፊያ የተያያዘ መሆኑን ልብ ብለሃል? ፈረሰኛ በግልቢያ ላይ ሆኖ ሲያጎርስ ዘንጉ ከእጁ እንዳይወድቅ ነው። ከ1846 እስከ 1848 አሜሪካ ከሜክሲኮ ጋር ስትዋጋ ይህ ሽጉጥ በብዙ ወታደር ወገብ ላይ ነበር።

ቁም ነገሩ ግን እዚህ ላይ ነው። የ1836ቱ ሞዴል የአሜሪካ ጦር የመጨረሻው ባለ ባልጩት ሽጉጥ ነው። ካፕ ያለው መደበኛ ሽጉጥ የመጣው ከ1842ቱ ሞዴል ጋር ነው። ስለዚህ 1838 የተጻፈበት የጆንሰን ሽጉጥ ከፋብሪካ ሲወጣ ኒፕል ሊኖረው አይችልም።

ማለትም ወደ ባልጩት ልትቀይረው የምትፈልገው ሽጉጥ ሲወለድ ባለ ባልጩት ነበር።

ሦስተኛውን ፎቶ አጉልተህ እየው። ከኒፕሉ ሥር፣ የጎኑ ብረት ከቱቦው በሚገጥምበት ጠርዝ ላይ ጠቆር ያለች ቢጫ ቁራጭ አለች። ናስ ናት። ሳህኗ እዚያ ነበረች። የቀየረው ሰው ወደ ውጭ የወጣውን ክፍል ቆርጦ ሞርዶ ከጎኑ ብረት ጋር አስተካከለው፤ የተረፈው ናስ ክፍተቱን ሞልቶ ቀረ። ከሷ ወደፊት ሂድ። ሁለት ክብ ጥላዎች አሉ፤ ጥፍርህን ብታስኬድባቸው ምናልባት ላይሰሙህ ይችላሉ። የመጫሪያውና የመጫሪያው ሞላ ብሎኖች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ናቸው። በብረት ተደፍነው ተሞርደዋል። መዶሻው ደግሞ ከቀረው አካል ጋር አይመሳሰልም፤ ወፍራምና ግልጽ ያለ የሠራዊት ሥራ ነው። የመጀመሪያው መዶሻ ባልጩት የሚይዝ መንጋጋ ነበረው።

ኒፕሉ ደግሞ በጎን ሳይሆን ከላይ፣ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ቱቦው ላይ በቀጥታ ተተክሏል። ሰብሳቢዎች ይህን አሠራር የቤልጂየም ዘዴ ይሉታል። የድሮው የጎን ቀዳዳ በብሎን ተደፍኖ፣ በምትኩ ከላይ አዲስ ቀዳዳ ተበስቶ ጥርስ ወጥቶለት ኒፕሉ ገብቷል። ሌላው ርካሽ ዘዴ ደግሞ የድሮውን የጎን ቀዳዳ አስፍቶ ከበሮ መሳይ ቁራጭ እዚያ ላይ ማሰርና ኒፕሉን ከበሮው ላይ መትከል ነው። የመንደር ጠጋኞች እሱን ይወዱት ነበር።

ይህን ያህል ድካም ለምን? የሰማሁትን ሳይሆን የተቆጠረውን ልንገርህ። በ1834 እንግሊዞች ዉሊች ላይ ሁለቱን ዓይነት ጠመንጃ አጠገብ ለአጠገብ ፈተኑ። ከእያንዳንዱ 6,000 ጥይት ተኮሱ። ባለ ባልጩቱ 922 ጊዜ ከሸፈ። ባለ ካፑ 36 ጊዜ ብቻ። ከመቶው 15 ጊዜ ምላጭ ስበህ ጠላትህ ፊት «ጠቅ» ብቻ የምትሰማ ከሆነ መንግሥትህ ቀያሪ ቢቀጥር አይፈረድበትም።

የሐሳቡ መነሻ ግን ጦርነት አልነበረም። አሌክሳንደር ፎርሳይት የሚባል የስኮትላንድ ቄስ ነው የጀመረው። አበርዲን አጠገብ ቤልሄልቪ በምትባል ሰበካ ያገለግል ነበር፤ ወፍ አደን ይወዳል። ዳክዬዎቹ የሳህኗን ብልጭታ ያዩና ጥይቱ ሳይደርስ ይጠልቁበታል። ቄሱ ተናደደ። ሲመታ የሚፈነዳ ቅመም ላይ ሲሠራ ቆይቶ በ1807 የፈጠራ መብት አስመዘገበ። የመዳቧ ካፕ የመጣችው ከሱ በኋላ ነው። ባልጩቱ ራሱ በዚህ መልኩ የተሠራው በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ፈረንሳይ ውስጥ ነው፤ የሊዝዩ ከተማ ሰው የሆነው ማረን ለ ቡርዥዋ ስም ይነሣል። ሁለት መቶ ዓመት የገዛ ዕቃ በአንድ አዳኝ ቄስ ንዴት መውደቅ ጀመረ።

የተቀየረ መሣሪያ ሲባል እንደ ቅራቅንቦ አትየው። እኛም አገር ታሪክ አለው። በ1868 የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ መቅደላ ሲመጣ እጁ ላይ የነበረው ስናይደር ጠመንጃ ራሱ በመቀየር የተገኘ ነው። በአፈሙዝ ይጎርስ የነበረውን ኤንፊልድ ኋላውን ቆርጠው በኋላ እንዲጎርስ አደረጉት። አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ የቴዎድሮስ ጦር ያለቀው ባብዛኛው በዚህ በተቀየረ ጠመንጃ ፊት ነው።

እና ወደ ባልጩቱ ይመለስ? ይቻላል። በዚህ ንግድ ውስጥ ስሙ «መልሶ መቀየር» ነው፤ ረጅምና ትንሽ የሚያሳፍር ታሪክ አለው። ሰብሳቢዎች ለባለ ባልጩት የበለጠ ስለሚከፍሉ ጠጋኞች ባለ ካፕ የተደረጉትን እየሰበሰቡ ወደ ድሮው መልሰዋቸዋል። አዲስ ሳህን፣ አዲስ መጫሪያ፣ አዲስ መዶሻ ይገጠማል፤ ኒፕሉ የነበረበት ይደፈናል፤ ከዚያ ሁሉም በአሲድ ይጠቁርና «ከፋብሪካ እንደወጣ» ተብሎ ይሸጣል። በሐቅ የሠራና ለገዢው የተናገረ ጥሩ ባለሙያ አለ። ያልተናገረም አለ። እኔ ራሴ ወጣት ሳለሁ አንዱን ከፍ ባለ ዋጋ ገዝቼ ነበር። ቤት መጥቼ ሎኩን፣ ማለትም መዶሻውና ሞላው የተገጠሙበትን የጎን ክፍል፣ ፈታሁ። ከውስጥ በኩል የመጫሪያው ብሎን ጥርስ የዘመናችን ልክ ሆኖ አገኘሁት። ሻጩ ስልክ አላነሣም። ብሎኑ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

እኔ አንተን ብሆን አልነካውም። ምክንያቴን ልዘርዝርልህ።

አንደኛው ደኅንነት ነው። የቱቦው ኋላ አሁን አንድ የተደፈነ ቀዳዳና አንድ ክፍት ቀዳዳ አለው። መልሰህ ስትቀይረው የተደፈነውን ትከፍታለህ፣ የተከፈተውን ትደፍናለህ። ግፊቱ ከሁሉ በሚበረታበት ቦታ፣ ወደ 190 ዓመት በሆነው ብረት ላይ፣ ሁለት ጊዜ የተበሳና የተደፈነ ግድግዳ ይኖርሃል። ውስጡ በዝገት ምን ያህል እንደተበላም ከውጭ አይታይም። በእንዲህ ያለ ቱቦ እኔ አልተኩስም፤ ሰውም ሲተኩስ አጠገቡ አልቆምም።

ሁለተኛው ታሪኩ ነው። ያ የናስ ቁራጭና እነዚያ የተደፈኑ ቀዳዳዎች ሽጉጡ የኖረባቸው ዓመታት ናቸው። አንድ ሰው ከ1842 በኋላ በሞርሳ አስሮ ሞርዶታል። ያንን ስትፍቀው የምታገኘው የ1838 ሽጉጥ አይደለም፤ ያለንበት ዘመን ሥራ የተለጠፈበት የ1838 ብረት ነው። ዋጋውም አያተርፍህም። ለክፍሎቹና ለጥሩ ጠጋኝ የምታወጣው ገንዘብ አዲስ ባለ ባልጩት ሽጉጥ ይገዛልሃል።

ወደዚያው ልሂድ፤ የፈለግከው መተኮስ ነዋ። ጣሊያን ውስጥ ብሬሻ አጠገብ ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ የሚባል ከተማ አለ፤ ከድሮ ጀምሮ ሥራው ጠመንጃ ነው። እዚያ ያሉ እንደ ፔደርሶሊ ያሉ ፋብሪካዎች የድሮ ሽጉጦችን በአዲስ ብረት ይሠራሉ። ሲጀመር ለባልጩት የተሠራ፣ በመንግሥት መፈተሻ ቤት የተተኮሰና ማኅተም ያለው አንድ ግዛ። ያንተን ደግሞ መደርደሪያ ላይ አሳርፈው።

ይህን የሚያነብና የራሱ ሽጉጥ አዲስ ቅጂ የሆነ ሰው ካለ፣ ለእሱ መልሱ ትንሽ ይለያል። ቱቦው ላይ «በጥቁር ባሩድ ብቻ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍና የአውሮፓ መፈተሻ ማኅተም ካለ ቅጂ ነው። ቅጂ ቢቀየር ታሪክ አይጠፋም። ግን እንደዚያም ሆኖ መጀመሪያ ፋብሪካው ያንኑ ሞዴል በባልጩትም ይሠራ እንደሆነ ጠይቅ። ከሠራ፣ ሎኩንና ቱቦውን አብረህ ግዛ። ሎኩን ብቻ ገዝተህ ቱቦውን እንዳለ ልተው ብትል የተናገርኩት የቀዳዳ ጣጣ ይመጣል። ሌላም አለበት። ብዙዎቹ ባለ ካፕ ቅጂዎች ኋላቸው ውስጥ ባሩዱ የሚያርፍበት ሰፊ ክፍል ሳይሆን ጠባብ ቦይ ነው ያለው። የካፕ ፍንዳታ በዚያ ቦይ እየተወረወረ ያልፋል። የሳህኗ እሳት ግን ጉልበት የለውም፤ ቦዩ በጥላሸት ከተደፈነ እዚያው ይቀራል። ሳህኗ ቦግ ትላለች፣ ሽጉጡ ዝም ይላል። እንዲህ ያለ ቱቦ ለባልጩት አይሆንም፤ ከተቻለም የጠጋኝ ሥራ እንጂ የቤት ውስጥ ሥራ አይደለም።

ባለ ባልጩት ስትገዛ ከካፕ ይዘህ የመጣኸው ልማድ ሁሉ አይሠራልህም። ከሁሉ በላይ ባሩዱ። ካፕ ተኳሾች ፓይሮዴክስና መሰል ምትክ ባሩዶችን ይጠቀማሉ። እነዚህ ለመቀጣጠል ከፍ ያለ ሙቀት ስለሚፈልጉ የባልጩት ብልጭታ አይበቃቸውም። የግድ እውነተኛ ጥቁር ባሩድ ያስፈልግሃል። እሱ ደግሞ በየሱቁ የለም። በ2021 ጎኤክስ የተባለው የሉዊዚያናው ፋብሪካ መዘጋቱ ሲነገር ሁላችን ደንግጠን ነበር፤ በኋላ ሌላ ድርጅት ገዝቶት ቀጠለ። ካፕ ጠፋ ብለህ ወደ ባልጩት ስትሸሽ ባሩድ ፍለጋ እንዳትንከራተት አስቀድመህ እወቅ። ጭስ አልባውን ዘመናዊ ባሩድ ግን በማንኪያ ጫፍም ቢሆን እንዳታስበው። ቱቦው ይፈነዳል፣ እጅህም አብሮ ይሄዳል።

ቀጥሎ ድንጋዩ። አንድ ወዳጄ ከአገር ቤት ሲመለስ ጥቁር ባልጩት በሻንጣ ይዞልኝ መጣ፤ ከመልካ ቁንጡሬ አካባቢ። እዚያ ባልጪት የሚባል ቦታ ሁሉ አለ። ወገኖቼ፣ የዋህነቱን ወደድኩለት። እሱ ግን የእሳተ ገሞራ መስታወት ነው። የጥንት ሰው መሣሪያ ጠርቦበታል፤ ስለቱ ምላጭ ነው። ብረት ላይ ሲመታ ግን እንደ ብርጭቆ ይረግፋል፤ ብረት ለመላጥ ጥንካሬው አይበቃም። ሞክሬዋለሁ። ሁለት ምት፣ ከዚያ ጠረጴዛው ሁሉ ስባሪ። ለሽጉጥ የሚሆነው የኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚገኘው እውነተኛው ባልጩት ነው። እንግሊዝ ብራንደን ከተማ የሚወጣው ጥቁሩና የፈረንሳዩ ማር መልክ ያለው የታወቁ ናቸው።

ባልጩቱን መንጋጋው ውስጥ በቁራጭ ቆዳ ጠቅልለህ እሰረው፤ ያለ ቆዳ ይንሸራተታል ወይም ይሰበራል። ጠርዙ ከመጫሪያው ጋር ትይዩ ይሁን። በአንድ ጥግ ብቻ ከነካ ብልጭታው ግማሽ ነው። ከዚያ ባዶውን ሽጉጥ ይዘህ ጨለማ ክፍል ግባ። መብራቱን አጥፋ፣ ምላጩን ሳብ። ደህና የተሠራ መጫሪያ ነጭና ቢጫ ብልጭታ ያዘንብልሃል፤ ሳህኗ ውስጥ ወድቀው ለአፍታ ሲንጫጩ ትሰማለህ። ቀይና ሰነፍ ሁለት ሦስት ብልጭታ ብቻ ከሆነ ወይ ድንጋዩ ደንዝዟል ወይ መጫሪያው ለስላሳ ነው። መብራቱን አብርተህ መጫሪያውን እየው። ባልጩቱ ቦይ እየቆፈረ ከሄደ ብረቱ አልጠነከረም። እንደገና ግሎ መጠንከር አለበት፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው። እኔ ይህንን ፈተና ለደንበኞቼ ስሠራ መብራት አጥፍቼ ነው የማሳያቸው። ሽማግሌም ቢሆን ልጅ ነው የሚሆነው።

ሳህኗን ባሩድ አትሙላት። ግማሽ ይበቃል፤ ቀዳዳውን ከሸፈነው ይዘገያል። እየተኮስክ ከትልቁ የባሩድ ዕቃ በቀጥታ አትጨምር። ውስጥ የቀረ ፍም ቢኖር እጅህ ላይ ያለው ሙሉው ዕቃ ነው የሚፈነዳው። በስተቀኝህ ሰው አይቁም፤ የጎን ቀዳዳው እሳትና ጋዝ ወደዚያ ይተፋል። መነጽር የግድ ነው። ምላጩን ስበህ ዝም ካለህ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረግክ ቆይ። አንዳንዴ አስቦበት ነው የሚተኮሰው።

ስለ ሕጉ ባጭሩ። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ መሣሪያ ጥንታዊ ነው፤ ያንተ በደንብ ይገባል። ግዛቶች ግን የየራሳቸው ደንብ አላቸውና ከቨርጂኒያ ሲወጣ የምትሄድበትን አጣራ። አገር ቤት ልላከው እንዳትል። ኢትዮጵያ ውስጥ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው። ጉምሩክ ላይ «ጥንታዊ ነው እኮ» እያልክ ስታስረዳ አይታየኝም።

እስከዚያው የምትሠራው ቀላል ነው። በዘንግ ለካው። ባዶ ከሆነ በደረቅ ጨርቅ ጠርገህ ብረቱን ስስ ዘይት ቀባው። እንጨቱን ውኃ አታስነካ፤ ዝገቱንም በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍግ። ሎኩን ፈትተህ የጎኑን ብረት ከውስጥ በኩል ፎቶ አንሣልኝ፤ የተደፈኑት ቀዳዳዎች ከውስጥ ይበልጥ ይታያሉ፣ የቀያሪው ምልክትም ሊኖር ይችላል። ብሎኖቹን የሚገጥማቸው ሰፊ አፍ ያለው ካቻቢቴ ከሌለህ ግን ጭንቅላታቸውን ከምትበላ ተወው፣ እኔ ጋ ስትመጣ እንፈታዋለን። ያቺን የናስ ቁራጭ ደግሞ፣ እባክህ፣ በብራሶ እንዳትወለውላት።